እትዬ ዘሃራ ያልበሉት በግ

ዘንድሮም ገና ደረሰና ቴሌግራሙ ተንጫጫ። የቀድሞ አዳሪ ተማሪዎች ቡድን የሚባል ነገር አለ፤ ልጄ ስልኬ ላይ ከከፈተልኝ ጀምሮ ሰላም የለኝም። አንዱ የአበባ ሥዕል ይልካል፤ ሌላው ስለ አበባው ያመሰግናል፤ ሦስተኛው ላመሰገነው ያጨበጭብለታል። እነዚህ ሁሉ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ናቸው። በዚህ መካከል ማስታወቂያ መጣ። የዘንድሮን ገና ወልድያ ላይ ሆቴል ተይዞ፣ ቲሸርት ታትሞ፣ የያኔው ዲሬክተራችንም ካሉበት መጥተው ካባ ተደርቦላቸው በጋራ እናከብራለን ይላል። መሪ ቃሉ “በአንድ ድስት ያደግን” የሚል ነው። አነበብኩና ስልኩን ደፋሁት። በአንድ ድስት ያደገው ማነው? እኔ እዚያ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ስበላ ድስቱ ሁለት ነበር። ደግነቱም ሁለት መሆኑ ላይ ነበር፤ ይህን የዘነጋ ሰው ምን ትዝታ አለኝ እንደሚል አላውቅም።

ማታውኑ የኮሚቴው ሊቀመንበር ደወለልኝ። ድሮ ከኔ በሁለት ክፍል ያንስ የነበረ፣ ቀለሙን ጨርሶ ቀለም የሚለምን ልጅ ነው፤ አሁን ከረባት አስሮ “ክቡራንና ክቡራት” ይላል። “ጋሽ አስራት፣ የዘሃራን በግ የምትነግረን አንተ ነህ። ያላንተ አይጥምም” አለኝ። ቀልዱ አጭር ነው። የወጥ ቤት ሠራተኛችን ዘሃራ በገና ቀን የእስላም ተማሪዎችን ሙክት ለብቻዋ በላችና ለልጆቹ ሽሮ አቀረበችላቸው፤ ይኸው ነው። ምኑ ያስቃል ትሉ ይሆናል፤ እኔ ስነግረው ግን ያስቃል። ወገቧን ይዛ ስትራመድ አሳያለሁ፤ “ወላሂ አልቀመስኩም” እያለች አፏን በሻሿ ስትጠርግ አሳያለሁ። የአፍ ጠረጋውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። በስንት ሰርግና በስንት የጡረታ ሽኝት ላይ እንደነገርኩት ቁጥሩን አላውቀውም። የማውቀው በጉ የት እንደገባ ነው፤ እትዬ ዘሃራ አልበሉትም።

ያ ዘመን መቼ ነበር ለሚለኝ ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም በነበረበት ጊዜ እለዋለሁ። በዲሬክተሩ ቢሮ የማን ፎቶ ተሰቅሎ ነበር ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ፎቶው ተቀያይሯል፣ ሚስማሩ ግን ያው ነበር። ከመርሳ ትምህርት ቤቱ ወዳለበት ወልድያ አውቶብሱ ሰባ አምስት ሳንቲም ያስከፍላል፤ ረዳቱን የሚያውቅ በሃምሳ ይሄዳል። እኔ የመርሳ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ነኝና ረዳት የሚያውቅ ዘመድ አልነበረኝም። የመጀመሪያ ቀን የመጣሁት በማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ በጭነት መኪና ነው። አባቴ አዳሪ ቤት ሊያስገባኝ ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ሸጧል፤ በቀረው በሬ ከጎረቤት ጋር እየተቀናጀ ያርስ ነበር። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ከትምህርት ቤት መባረር ለኔ ምን ማለት እንደነበር እንድታውቁት ብቻ ነው።

ልብሳችን ካኪ ቁምጣና ካኪ ሸሚዝ ነበር፤ በዓመት አንዴ ጎንደር በር አካባቢ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ በጅምላ ይለካንና በጅምላ ይሳሳታል። የኔ ሸሚዝ ሁልጊዜ የአንድ ወፍራም ልጅ ነበር፤ የወፍራሙ ልጅ ሸሚዝ የማን እንደነበረ እግዜር ይወቅ። ሸራ ጫማ ያለው እሑድ እሑድ በጠመኔ ያነጣዋል፤ የሌለው ጠመኔውን ሰርቆ ይሸጥለታል። መርሳና ውርጌሳ ካሉበት ከሐብሩ ወረዳ የመጡት እስላም ልጆች ከትምህርት መልስ ካኪያቸውን አውልቀው ሽርጣቸውን ያገለድማሉ፤ የሞቃት አገር ልጆች ናቸውና ያምርባቸው ነበር። በኋላ እግሩ የሰፋ ቤልቦተም የሚባል ሱሪ ከደሴ መጣና መንገዱን እየጠረግን መሄድ ጀመርን። አሁን ቡድኑ ላይ የዚያን ጊዜ ፎቶ ይለጥፉና “ወርቃማው ዘመን” ይሉበታል። ስለ ቁንጫው የሚለጥፍ የለም። ስለ ትኋኑ፣ ስለ ነቀዘው ባቄላ፣ ትልቁ ልጅ ከትንሹ ልጅ እንጀራ ስለሚቆርሰው ጠርዝ የሚለጥፍ የለም። ሰው ሲያረጅ ጥርሱ ብቻ ሳይሆን ማስታወሻውም ይረግፋል መሰለኝ።

ገና ግን ገና ነበር፤ እሱን አልክድም። ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከግቢው በላይ ካለው ኮረብታ ለገና ዱላ ጫፉ የቆለመመ ወይራ ቆርጠን እሳት ለእሳት እያገላበጥን እናቀናለን። በዱላው የሚመታውን ሩር ከእንጨት ሥር የሚጠርብ ልጅ ነበር። የላይ መኝታ ቤት ከታች መኝታ ቤት ይገጥማል፤ የታች መኝታ አለቃ ሰይድ የሚባል የውርጌሳ ልጅ ነበር፤ ቁመቱ ሜዳውን የሚሞላ፣ ድምፁ ከሜዳው የሚያልፍ። የሰይድን ምት ቅልጥሙ ላይ ያረፈበት ልጅ ጥምቀትን እያነከሰ ነው የሚያከብረው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላልና ማንም አይቆጣም፤ ዝም ብሎ ዕዳውን ለከርሞ ይይዛል። ከጨዋታው በኋላ ሰይድና ጓደኞቹ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ደፍተው እየመቱ መንዙማ ያወጣሉ፤ እኛ እናጨበጭባለን። ከቆቦ የመጣ አንድ ልጅ ደግሞ ማሲንቆውን ይዞ አምባሰል ሲጀምር ሰይድ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። እውነት ለመናገር ያን የመሰለ ድምፅ እስካሁን ሰምቼ አላውቅም።

ድስቱ ሁለት ነበር አላልኩም? ነገሩ እንዲህ ነው። በነቢያት ጾም አርባ ሦስት ቀን ወጥ ቤቱ ሽሮና ምስር ብቻ ነው የሚሠራው፤ የእስላሞቹ ልጆችም ሳይጾሙ አብረውን ይጾማሉ ማለት ነው፤ አንድ ቀን እንኳን አጉረምርመው አያውቁም። ገና ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ለኛ በሬ ያርዳል። የኛን እርድ እነሱ አይበሉም፤ የነሱንም እኛ አንበላም። እንግዲህ ልጃቸው በሰው በዓል አንገቱን ደፍቶ እንዳይውል የሐብሩ እስላም አባቶች በየዓመቱ ለገና አንድ ሙክት እየነዱ ያመጣሉ። የኛ አባቶች ደግሞ ለዓረፋ በተራቸው ለኛ የሚታረድ ያመጣሉ። ማንም ያዘዘው የለም፤ የተጻፈበት ወረቀትም የለም። ሙክቱን ቢስሚላሂ ብሎ የሚያርደው ሰይድ ነበር። ሁለቱን ድስት የሚሠሩት እትዬ ዘሃራ ናቸው። የመርሳ ሴት ናቸው፣ እስላም ናቸው፣ ረጅምና ዝምተኛ። የክርስቲያኑ ድስት ጆሮው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ የእስላሙ ድስት ጆሮው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ያስራሉ። ጭልፋው ሁለት፣ ቢላዋው ሁለት፣ መክተፊያው ሁለት ነው። አንዴ ከአንዱ ድስት ወጥተው ወደ ሌላው ሲሄዱ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሲታጠቡ አይቼ “እትዬ፣ ማን ያይዎታል?” ብያቸው “የምታጠበው ታይቼ ነው እንዴ?” አሉኝ። የኛን ሥጋ አንድም ቀን ቀምሰው አያውቁም፤ ጨው በቃው አልበቃውም ብለው የሚያስቀምሱት ከኛ አንዱን ጠርተው ነው። ሆኖም እንደዚያ ያለ ቀይ ወጥ ከዚያ ወዲህ የትም አልበላሁም።

ያ የተረገመ ገና መጣ። ከላይ አንድ እንግዳ ይመጣሉ ተባለ፤ ከየትኛው ላይ እንደሆነ አልናገርም፤ ላይ ሁልጊዜ ላይ ነው። ዲሬክተራችን ሳምንቱን ሙሉ በግቢው ውስጥ ሲራወጡ ሰነበቱ። እሳቸው የምላቸው ከልማድ ነው፤ አንቱታው የዕድሜያቸው ነው እንጂ የሥራቸው አይደለም። ድንጋዩን ኖራ ቀቡት፤ ዛፉን ኖራ ቀቡት፤ ቆሞ የተገኘ ልጅም ኖራ ሳይቀባ የተረፈው በዕድል ነው። እኔ የሳምንቱ ተረኛ ነበርኩ። ተረኛ ማለት ወደ ወጥ ቤት የሚገባውን እህልና እንስሳ የሚቀበል፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ልጅ ነው። የዋዜማው ዕለት ሦስት የሐብሩ አባቶች ሙክቱን አምጥተው አስረከቡኝ፤ ሰፊ ላት ያለው ቡላ በግ ነበር። ወጥ ቤቱ ጓሮ አሰርኩት።

በበዓሉ ጠዋት እንግዳው ሩሩን ይመታሉ ተብሎ ተማሪው ሁሉ ሜዳ ወጣ። ሰይድም እርዱን ለኋላ አድርገው ተባለና ቢላዋውን እትዬ ዘሃራ ዘንድ ትቶ ሄደ። እኔ ተረኛ ነኝና ወጥ ቤቱ አጥር ሥር ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ የእንግዳው ሾፌር ላንድሮቨሩን ወደ ጓሮ አስጠጋ። ዲሬክተሩ በገዛ እጃቸው ሙክቱን ፈትተው፣ ከሾፌሩ ጋር አንስተው ከኋላ ጫኑት። ለእንግዳው መማለጃ ነው፤ ደሴ ለመዛወር ደጅ ሲጠኑ እንደነበር ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ በር መጡና “ዘሃራ፣ ከበሬው ለሁለቱም ድስት ጨምሪ። ዘበኛው እስላም ነው፣ በጉን እሱ አርዶታል በያቸው። ማን ያውቃል?” አሏቸው።

እትዬ ዘሃራ ከምድጃው ቀና አላሉም። “ልጆቹ አያውቁም ጌታዬ። እኔ ግን አውቃለሁ” አሉ።

“ትእዛዝ ነው!”

“እንጀራዬ በእጅዎ ነው፤ ያሻዎትን ያድርጉ። አረንጓዴው ድስት ውስጥ ግን ይህ ሥጋ አይገባም። ወላሂ አይገባም።”

ዲሬክተሩ አንድ ነገር አጉረምርመው፣ ፈገግታቸውን ፊታቸው ላይ መልሰው ወደ ሜዳው ሄዱ። እትዬ ዘሃራ ዞር ሲሉ ከኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ፊታቸውን ወደ ምድጃው መለሱ። አረንጓዴ ጨርቅ ያለበትን ድስት ጣዱና ሽሮ መምታት ጀመሩ።

ምሳ ሰዓት ላይ እንግዳው ከፊት ተቀምጠው በኛ በኩል ቀይ ወጡ ሲቀርብ፣ በእስላሞቹ በኩል ሽሮ ቀረበ። አርባ ሦስት ቀን ሽሮ በልተው አርባ አራተኛውን ሽሮ። ሰይድ ትሪውን አየና “በጉስ?” አለ። እትዬ ዘሃራ በእንግዳ ፊት ትምህርት ቤቱን ማዋረድ አልሆነላቸውም መሰለኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “በጉ የለም ልጄ። ያለውን ብላ፣ አላህ ያውቃል” አሉት። ሰይድ ተነስቶ ትሪውን እግራቸው ሥር ገለበጠው። ሽሮው ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። ሌሎቹም ተከተሉት። እትዬ ዘሃራ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ይጠርጉ ጀመር። እኔ ቀይ ወጤን በላሁ። ጥሩ አድርጌ በላሁ፤ እንዲያውም ጨመርኩ።

በሦስተኛው ቀን ሦስቱ አባቶች ዱላቸውን ይዘው መጡ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ያመጣነው በግ የት ገባ?” እትዬ ዘሃራ ተጠርተው በጉ በመኪና ተጭኖ እንደሄደ፣ ማን እንደጫነው በግልጽ ተናገሩ። ዲሬክተሩ ሳቁ። “በጉ ለወጥ ቤት ተሰጥቷል። ምስክርም አለኝ” አሉና ስሜን ከነአባቴ ጠሩኝ። ዲሬክተር ስሙን ከነአባቱ የጠራው ተማሪ ወይ ይሸለማል ወይ ይባረራል። “በል አስራት፣ አንተ ተረኛው ነህ። በጉ ወጥ ቤት ገባ ወይስ አልገባም?”

የአባቴ በሬ መጣብኝ። ብቻውን የቀረው በሬ።

“ገባ” አልኩ።

ሁለት ፊደል ናት። ውሸትም አይደለችም፤ በጉ በዋዜማው ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለችው እውነት ከውሸት ትከፋለች፤ ማንም ገልብጦ አያያትም። የሐብሩ አባቶች አንገታቸውን ደፉ፤ የገዛ አገራቸው ሴት፣ የገዛ እምነታቸው ሴት የልጆቻቸውን በግ በላች። እትዬ ዘሃራ አዩኝና “እንግዲህ ልጁ ካለ” ብለው ነጠላቸውን አነሱ። ያኔውኑ ከሥራ ተባረሩ። ዲሬክተሩ በዓመቱ ደሴ ተዛወሩ። እኔ ትምህርቴን ጨረስኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ጣቢያ የማሽላ ቁመት ስለካ ኖሬ እዚያው ጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ ቀልዱን የፈጠረው ማን ነው ብትሉ፣ እኔው ነኝ። ሰው ያደረገውን ነገር በጸጸት መሸከም ሲከብደው በሳቅ ያከፋፍለዋል፤ እኔም አከፋፈልኩት።

ሲሪንቃና መርሳ ደግሞ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ስንት ዓመት ሙሉ መርሳ ላይ ከመኪና ወርጄ አላውቅም። ሽንኩርት ለመግዛት መርሳን አልፌ ውርጌሳ እሄዳለሁ፤ ሚስቴ የውርጌሳ ሽንኩርት ምኑ ይለያል ስትለኝ “አያስለቅስም” እላት ነበር። የዘንድሮ ጾም ሊገባ ሲል ግን የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መርሳ መሐል ጎማው ፈነዳና ወረድን። ሽንኩርትና ማንጎ ከሚሸጥበት ተርታ ጥላ ፍለጋ ቆሜ ሾፌሩን ስሳደብ ከኋላዬ አንዲት አሮጊት “ይኸ የአስራት ድምፅ ነው” አሉ። ዞር አልኩ። ጨርቅ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይለቅማሉ፤ ሚዛኑን የያዘችው የልጅ ልጃቸው ናት። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቁመታቸው ግን ተቀምጠውም ይታወቃል።

“እትዬ ዘሃራ፤ እንደምን ነዎት?”

“አልሐምዱሊላህ። ቁጭ በል። ድምፅህ አላረጀም፤ አንተ ግን አርጅተሃል አሉ።”

ቁጭ አልኩ። ድሮ ስለሚሠሩት ወጥ አነሳሁ፤ እንደዚያ ያለ ወጥ በልቼ አላውቅም አልኳቸው። ሽንኩርቱን መልቀም አቆሙ።

“መርሳ ላይ ስንት ሰርግ ተሰርጓል መሰለህ? አንድ ቀን ሠሪ ብሎ የጠራኝ የለም። ሰደቃም ሲሆን ሽንኩርት ከትፌ እመለሳለሁ እንጂ ድስት አያስነኩኝም። ‘የበጓ ዘሃራ’ ነው ስሜ። ልጄን ለመጠየቅ የመጡ ሽማግሌዎች ይህን ሰምተው ከደጅ ተመልሰዋል። እናንተ ተምራችሁ የሄዳችሁት ልጆች ናችሁ አሉ የምታወሩት። እየሳቃችሁ።”

“እትዬ…”

“አጥሩ ሥር ቆመህ አይቼሃለሁ። በጉን ሲጭኑት አይተሃል፤ ማየትህን ደግሞ እኔ አይቻለሁ።”

“ታዲያ ያን ቀን ምነው ‘ይህ ልጅ አይቷል’ ሳይሉ ቀሩ?” አልኳቸው። ይህን ስጠይቅ አለማፈሬ እስካሁን ይገርመኛል።

“አባትህ በሬውን ሸጦ እንዳስገባህ ሰምቼ ነበር። ብናገር አንተንም ያባርሩሃል። ልጅ ነው፣ ትልቅ ሲሆን ይናገራል ብዬ ተውኩህ።” ሽንኩርታቸውን እንደገና መልቀም ጀመሩ። “መቼ ነው ትልቅ የምትሆነው አንተ ልጅ?”

የልጅ ልጃቸው አንገቷን አዞረች። እኔ የምገባበት አጣሁ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፌ ሊወጣ ሲል በእጃቸው ከለከሉኝ።

“ለኔ አትንገረኝ፤ እኔ አውቀዋለሁ። ለመርሳ ሰውም አትንገር፤ የለመደ ለምዷል። ለልጆቹ ንገራቸው፤ ሽሮውን ለደፉት። በልታብን ነው እያሉ እንዳይሞቱ። እኔ ሽሮ ያቀረብኩት ያልፈቀዱት ሥጋ እንዳይገባባቸው ብዬ ነው።”

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል እንጂ! የኔ ዝምታ መርሳ ላይ የአንዲት ሴት ዕድሜ ነቅዞ ሲወድቅ ይኸው አየሁት።

እናም ሊቀመንበሩ ሲደውልልኝ “እመጣለሁ፤ እነግራለሁ” አልኩት። ሆቴሉ አዳራሽ ስገባ በሩ ላይ የላስቲክ ጽድ ቆሟል፤ ላዩ ላይ ጥጥ በትነውበታል፤ በረዶ መሆኑ ነው። ወልድያ ላይ በረዶ ያየው ማነው? አስተናጋጆቹ ጫፉ ኳስ ያለው ቀይ ቆብ ደፍተው በላብ ይሟሟሉ። ቲሸርቱ ላይ “በአንድ ድስት ያደግን” ተጽፏል፤ የኔ ቲሸርት እንደ ድሮው የአንድ ወፍራም ሰው ነው። ቡፌው ጋ ሄጄ አስተባባሪዋን ልጅ ድስቱ ሁለት ነው ወይ ብላት “ጋሼ፣ አንዱ ላይ ሐላል የሚል ወረቀት ለጥፈናል፤ ጭልፋ ግን አንሶን እያዟዟርን ነው” አለችኝ። በአንድ ድስት ያደጉት ሰዎች በአንድ ጭልፋ ሊጨርሱት ነው ማለት ነው። ከፊት ዲሬክተሩ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ካባው ትከሻቸው ላይ ነው፤ ጆሯቸው ደክሞ ለሁሉም ነገር ፈገግ ይላሉ። ሊቀመንበሩ የአንድነት አባት አላቸው። ተጨበጨበ። በስተቀኝ ካለው ጠረጴዛ የሐብሩ ልጆች ተቀምጠዋል፤ ሰይድ መካከላቸው ነው፤ ነጋዴም ሐጅም ሆኗል፣ ጺሙ ነጭ፣ ቁመቱ ያው።

ማይኩን ሰጡኝ። ገና “እትዬ ዘሃራ” ስል ሳቅ ጀመሩ፤ አክብሮቱ ራሱ ቀልድ መሰላቸው። “በጉን እትዬ ዘሃራ አልበሉትም” አልኩ፤ ሳቁ። “በጉ በላንድሮቨር ተሳፍሮ ሄደ” አልኩ፤ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። ሰዎቹን አየኋቸው፤ ናቅኳቸው። ከዚያ እንዲህ መሳቅን ያስተማራቸው ማን እንደሆነ ትዝ አለኝ።

“የጫነው ሰውዬ እዚህ ካባ ለብሶ ተቀምጧል” አልኩ። “ከበሬው ሥጋ ወደ እስላሞቹ ድስት ጨምሪ፣ አያውቁም ብሎ አዘዛቸው። እምቢ አሉ። ሽሮውን የሠሩት ለዚያ ነው። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ሁሉንም አይቻለሁ። ሲጠይቁኝ ገባ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ይህን ቀልድ ስሸጥላችሁ ኖርኩ።”

ሳቁ በየጠረጴዛው እየሞተ ሄደ። ሊቀመንበሩ እየሮጠ መጥቶ “ጋሽ አስራት፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው” እያለ ማይኩን ሊቀበለኝ ያዘኝ። ሰይድ ቆመ።

“ተወው!” አለ። ድምፁ ያው የሜዳው ድምፅ ነው። ከዚያ ወደኔ ዞረ። “ድስቱ ውስጥ አልገባም?”

“አልገባም።”

“ወላሂ በል።”

“ወላሂ።”

በሕይወቴ ወላሂ ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰይድ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። “እግራቸው ሥር ደፋሁት እኮ” አለ፤ ለማን እንደሚናገር አላውቅም። ከዚያ በሕይወት አሉ ወይ አለኝ። አሉ፣ መርሳ ናቸው አልኩት። የጠረጴዛውን ሰዎች በእጁ ጠራቸው፤ ስድስት ሰባት ሽማግሎች ሳህናቸውን ሳይነኩ ተነሱ። እኔም ኮቴን አነሳሁ፤ ቤቱን አሳያችኋለሁ ብዬ ቀደም ቀደም አልኩ። ሰይድ መዳፉን ደረቴ ላይ አድርጎ አቆመኝ። ገፋኝ ማለት አይደለም፤ አቆመኝ ብቻ።

“ወንድም ጋሼ፣ መንገዱን ንገረን እንጂ አንተ ቅር። ትሪውን የደፋነው እኛ ነን፤ እኛ እንቅደም። አንተ የምትሄደው በሌላ ቀን ነው፣ ከጠሩህ።”

ነገርኩት። ከሽንኩርት ተርታው ጀርባ፣ ሁለተኛው ቆርቆሮ አጥር። መኪናዎቹ ሲነሱ በመስኮት አየሁ። አዳራሹ ውስጥ ሙዚቃ ተከፈተ፤ ሰው ሳህን ይዞ መሰለፍ ጀመረ። የቀረው ባዶ ወንበር ከዲሬክተሩ አጠገብ ያለው ብቻ ነበርና እዚያ ተቀመጥኩ። ሰውየው ክንዴን ይዘው ጎንበስ አሉ።

“ምን ሆነው ነው ልጆቹ? ወዴት ሄዱ?”

“መርሳ፣ እትዬ ዘሃራ ቤት ሄዱ” አልኳቸው፤ ጆሯቸው ጋ ጠግቼ ጮክ ብዬ። ስሙን ያስታውሱት አያስታውሱት አላውቅም። ፈገግታቸው ግን ትንሽ ቀነሰ።

“አንተስ? አብረሃቸው አትሄድም እንዴ?”

“አልጠሩኝም” አልኳቸው።